ካንዴላዋን አይተሃል?

እኔን ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጬ ያየኝ የሰበታ ሰው ጥቂት ነው። ከሞተር ሳይክል ጋር ያየኝ ግን ብዙ ነው። እጀታዋን ይዤ ጎን ለጎን ስንሄድ አይተው «እየሸኘሃት ነው?» ያሉኝ አሉ። ከምነዳት ይልቅ የምገፋት ይበልጣል፤ ይህን በአደባባይ ማመን ስለሚያሳፍር ለጤናዬ ብዬ ነው እላቸው ነበር።

ዕድሜዋን አትጠይቁኝ። አንድ ጊዜ ቀይ እንደነበረች ከወንበሩ ሥር የቀረች ቁራጭ ቀለም ትመሰክራለች። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣች ናት፤ ከዚያ በፊት ስንት የልማት ሠራተኛ ይዛ ገጠር ለገጠር እንደተንከራተተች እሷ ታውቃለች። ያገኘልኝ ገመቹ ነው። ገመቹ ቤት ያከራዩኝ የኦቦ ዱጋሳ ልጅ ነው፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሰፈሩን የተበላሸ ዕቃ ሁሉ ይፈታል። አንዳንዱንም መልሶ ይገጥመዋል። ነጋዴ ቲማቲም መዝኖ ሲያበቃ ሁለት ፍሬ ምራቂ ጣል እንደሚያደርገው፣ እኔም ሞተር ስገዛ ገመቹ ምራቂ ሆኖ ተጨመረልኝ።

አልነሳም ስትል እጠራዋለሁ። ይመጣል፣ በግራ በኩል ጋደም ያደርጋታል፣ ወገቧ አካባቢ መታ መታ ያደርጋታል፣ አንዴ ይረግጣል፤ ትነሳለች። «ምን አድርገሃት ነው?» ስለው «ምንም» ይለኛል። እኔም ብቻዬን ስሆን ያንኑ ምንም አደርጋለሁ። እሷ ግን የማንን ምንም እንደምትቀበል ለይታ ታውቃለች።

ይህ ነገር የደረሰብኝ «ማስተር ፕላን» የሚለውን ቃል የጎረቤታችን የአራት ዓመት ሕፃን ሳትቀር አጥርታ በምትናገርበት ዘመን ነው። የአዲስ አበባ ካርታ ሊሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተብሎ ቡራዩም፣ ሱሉልታም፣ እኛም ሰበታ፣ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። ጠዋት ስንነሳ አስቀድመን የምናየው አስፋልቱን ነው። ድንጋይ ከተደረደረበት ተመልሰን እንተኛለን፤ ተኛን ለማለት ያህል ነው እንጂ ጆሯችን ደጅ ነው። ስልክም አንድ ቀን ይሠራል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ባለቤቴ አዲስ አበባ ሥራዋ ላይ እንዳለች መንገድ ተዘጋባትና እህቷ ቤት ቀረች። እኔ ደግሞ ለሦስት ቀን ብለው ከመጡት አማቴ ከእትዬ ውዴ ጋር ሦስተኛ ሳምንታችንን ይዘናል።

እትዬ ውዴ ሲመጡ ከሱሉልታ ማዶ ካለ ጠበል የተቀዳ አንድ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ይዘው ነበር። በየጠዋቱ ቤቱን ይረጫሉ፣ ካገኙኝ እኔንም ይረጫሉ፣ ከዚያ ያስነጥሳሉ። የያዛቸው ጉንፋን አፍንጫቸውን ደፍኖት፣ ሽንኩርትና ሎሚ ለይተው ማሽተት ካቃታቸው ቆይቷል።

በዚያ ሰሞን ማደያዎቹ በጀሪካን ቤንዚን አንቀዳም ብለዋል። ቤንዚን ቤቱ የተገኘበት ሰውም ይጠየቃል ይባላል። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ ይህን አሁን ብነግራችሁ ይሻላል። ሞተሯን አንዱ አስነስቶ ይወስድብኛል ብዬ ፈራሁና (አመሏን የማያውቅ ሌባ ማለቴ ነው) በቀጭን ጎማ ከታንከሯ ቤንዚኑን እየመጠጥኩ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ጨመርኩት። ከፊሉን ዋጥኩት፣ ከፊሉ አልጋው ሥር ፈሰሰ፣ የቀረው ጀሪካን ውስጥ ገባ። ለሳምንት ሽሮውም ሻዩም ቤንዚን ቤንዚን አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ፈታሽ ቢመጣስ ብዬ ፈራሁ። ለዚህም ብልሃት አገኘሁለት፤ ጀሪካኑ ላይ በምስማር መስቀል ጫርኩበት። መስቀል ያለበትን ጀሪካን ከፍቶ የሚያሸት ደፋር ከየት ይመጣል? በዚህ ብልጠቴ ሁለት ቀን ሙሉ ለብቻዬ ፈገግ ስል ከረምኩ።

ገመቹ የተያዘው ማክሰኞ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ሰው ይታፈስ ነበር፤ አብሮ ታፈሰ። ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ባለ አንድ ጣቢያ መሆኑን ያወቅነው በማግስቱ ነው። ኦቦ ዱጋሳ በራቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ሳይ «ኦቦ፣ ዋስ ካስፈለገ እኔ አለሁ!» አልኩ። ደረቴንም መታሁ። እንዲህ ያለ እስር ዋስ እንደማይጠየቅበት ሰው ሁሉ ሲያወራ ሰምቼ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ኦቦ ዱጋሳ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ የጫማቸውን ማሰሪያ አጥብቀው ቆመዋል።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ ደህና አደሩ ኦቦ?»

«ደህና ነኝ። እዚያ የሚሠራ አንድ የኛ ሰው መልእክት ልኮብኛል። ደመወዝተኛ ዋስ ከነደብዳቤው ካመጣ ልጁን ይውሰድ ብለዋል። እስከ ስምንት ሰዓት ነው። በስምንት ሰዓት መኪና መጥቶ የቀሩትን ይወስዳል።»

«ወዴት ነው የሚወስዳቸው?»

«እሱን አልነገሩኝም» አሉ ኦቦ ዱጋሳ።

ታክሲ የለም። አውቶቡስ የለም። በድንጋዩ መሃል ሾልኮ ሊያልፍ የሚችል ሞተር ሳይክል ብቻ ነው፤ የሰፈሩ ሞተር ሳይክል ደግሞ የኔዋ ናት። እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉልኝ። ሞተሯን ማስነሳት የሚችለው ሰው ታስሯል፤ እሱን ለማስፈታት ደግሞ ሞተሯ መነሳት አለባት።

ደብዳቤው ነበረኝ። ባለፈው ዓመት ለሌላ ጉዳይ አጽፌው ሳልጠቀምበት የቀረ፣ ማኅተሙ የደመቀ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። የለኝም ብል የሚፈትሸኝ አልነበረም። አፌ ግን ሁልጊዜ ይቀድመኛል። «በሞተር እኮ ሃያ ደቂቃ ናት!» አልኩ። ሆዴ ሌላ ነገር ያወራል። በዚያ ሰሞን ለታፈሰ ሰው ፈርሞ ስሙን መዝገብ ላይ ያሰፈረ፣ ነገ ራሱ ዋስ ፈላጊ ላለመሆኑ ዋስትና የለውም። አለቃዬ ቢሰማስ? «አንተ ለመሆኑ ከነማን ጋር ነህ?» ቢለኝስ? እንዲህ እያልኩ ከአልጋ ሥር መስቀል ያለበትን ጀሪካን ሳብኩ። ቤቱ ሁሉ ቤንዚን ስለሚሸት ማሽተት አላስፈለገኝም። በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጌ ታንከሯ ውስጥ ገለበጥኩት።

ረገጥኩ። ተነሳች! በመጀመሪያው ርግጫ! እኔ ራሴ ደንግጬ ልለቃት ነበር። ኦቦ ዱጋሳ ከኋላዬ ወጥተው ወገቤን ያዙ። ከግቢ ወጥተን ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄድንና ኩፍ ኩፍ አለች፣ ትንሽ አሰበች፣ ቆመች።

እንደገና ረገጥኩ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። በሃያ ምናምነኛው ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ታዘብኩ። እምቢ ባለች ቁጥር ፊቴ በላብ ይጠመቃል፣ «ኤጭ!» እላለሁ፣ መሬት እመታለሁ፤ ከሆዴ ግን አንድ የከበደ ነገር ወረድ ይልልኛል። ሞክሬያለሁ። ምስክርም አለኝ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

ጋሽ ተካ ድምፅ ሰምተው ወጡ። የውሃ ፓምፕ ሠራተኛ የነበሩ ጡረተኛ ጎረቤቴ ናቸው፤ ስለዚህ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ይመለከታቸዋል።

«ካንዴላዋን አይተሃል?» አሉኝ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

ካንዴላ ቤንዚኑን በእሳት የምታቀጣጥል የአውራ ጣት ያህል ዕቃ ናት። ሞተር የሚያውቅ ሰው ሲጠይቃት ሰምቼ አላውቅም፤ የማያውቅ ሁሉ ግን የሚጀምረው በእሷ ነው። ጋሽ ተካ ፈቷት። በጥርስ ቡሩሽ ፈተጓት፤ የጥርስ ቡሩሹ የኔ ነው።

«አሁን እሳት መኖሩን እንይ» አሉ። «ብረቱ ላይ አስጠግተህ ያዛት።»

ያዝኳት። እሳቸው ረገጡ። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው መሬት ላይ ተቀምጬ ክንዴ መኖሩን ስፈልግ ነው።

«እሳት አለ!» አሉ ጋሽ ተካ ደስ ብሏቸው።

ኦቦ ዱጋሳ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ሰዓታቸው እሷ ናት። አራት ሰዓት አልፏል።

ባለ ሱቁ ከድር ሱቁን በግማሽ ዘግቶ መጣ። በዚያ ሰሞን ሱቅ የሚከፈተውም በግማሽ ነበር። «ወላሂ ካንዴላ ነው» አለ። «አይተናታል» አልነው። «እንደሱ ከሆነ አየር ማጣሪያዋ ነው» አለና የጎን ክዳኗን ፈታ። ከውስጥ ግራጫ የወንድ ካልሲ ወጣ። ካልሲው የኔ ነው፤ ከአምና ጀምሮ ስፈልገው ነበር። ገመቹ ማጣሪያ አጥቶ ገጥሞልኝ ኖሯል። ከድር ካልሲውን ሁለት ጊዜ አራግፎ በአክብሮት ወደ ቦታው መለሰው። ረገጥን። ዝም።

«በግፊ ትነሳለች» አለ ከድር። «ቁልቁለት ነው የምትፈልገው።»

ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ ቁልቁለት አለ። እኔ ላይዋ ተቀመጥኩ፣ ጋሽ ተካና ከድር ገፉ፣ ኦቦ ዱጋሳ ከኋላ እየሮጡ ተከተሉን። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ጎማው ተንጨጨ፣ እኔ ወደ ፊት ተወነጨፍኩ፣ እሷ ምንም አላለች። እንዲሁ እያለን አስፋልቱ ላይ ደረስን። እዚያ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ከድንጋዩ ኋላ ደግሞ ዱላ የያዙ ወጣቶች ቆመዋል።

«ኤሳ ዴምታ?» አለኝ አንዱ። ወዴት ነህ ማለቱ ነው፤ ይህን ያህልስ ችያለሁ። መመለስ ግን አቃተኝ። ኦቦ ዱጋሳ ደረሱና በኦሮምኛ ነገሩት። ወጣቱ ሞተሯን አየ።

«የቲቸር ገመቹ ሞተር አይደለችም እንዴ?» አለ።

«የኔ ናት» አልኩ፣ ቅር ብሎኝ።

«እሱማ አንተ ስትገፋት አይተናል» አለኝና ሁሉም ሳቁ። ሁለት ድንጋይ አንስተው መንገድ ከፈቱልን፣ አሥር ያህል ሆነውም መግፋት ጀመሩ። እንደዚያን ዕለት ፈጥኜ ሄጄ አላውቅም። አንዱ እየሮጠ ጆሮዬ ሥር «ብሮ፣ ካንዴላዋን ቼክ አድርገሃል?» ይለኛል። መልስ ሳልሰጠው «መጡ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። በዓይን ጥቅሻ ውስጥ ማንም የለም። ጋሽ ተካ የሉም፤ ከድር የለም። እኔ ከነሞተሬ መንገዱ መሃል ቀረሁ። ኦቦ ዱጋሳ ለመሮጥ ጉልበት ስላነሳቸው ነው መሰለኝ፣ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ወታደር የጫነ መኪና መጥቶ ቆመ። አንዱ ዘሎ ወረደ።

«ድንጋዩን አንተ ነህ የደረደርከው?»

«ኧረ አይደለሁም ጌታዬ! ሞተሬ አልነሳ ብላኝ ነው።»

ወታደሩ እኔን አየ፣ ሞተሯን አየ። ግንባሩ ትንሽ ፈታ አለ።

«ካንዴላዋን አይተሃል?» አለኝ።

በዚህ አገር ሰው በካርታ ባይስማማ በካንዴላ ይስማማል። መሣሪያውን ወደ ጀርባው አዙሮ ራሱ አራት ጊዜ ረገጣት። አጎቱ እንዲህ ያለች እንደነበረችው፣ እሷም ባሕሪዋ እንደዚሁ እንደነበረ አጫወተኝ። ከዚያ ድንገት ሥራው ትዝ አለው።

«ሽማግሌውስ?» አለ፣ ኦቦ ዱጋሳን በአገጩ እያሳየኝ። «አብራችሁ ናችሁ?»

«አላውቃቸውም» አልኩ።

አፌ ነው ያለው፤ እኔ ገና እያሰብኩ ነበር። ኦቦ ዱጋሳ ከኔ የሚርቁት አምስት እርምጃ ነው፤ ጆሯቸው ደግሞ ከኔ ጆሮ ይሻላል። ሰው ሁሉ ቤቱ በተከተተበት ቀን ዶሮውም አብሮ ተከቶ መሆን አለበት፣ የጮኸ አልነበረም።

መኪናው ሄደ። ኦቦ ዱጋሳ ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አራገፉ፣ ወደ ተፍኪ አቅጣጫ መራመድ ጀመሩ።

«ኦቦ! ወዴት ነው?»

«በእግሬ እሄዳለሁ። አንተ ቤትህ ግባ፣ ልጄ።»

«ዋስ ሳይይዙ ሄደው ምን ያደርጋሉ? በእግር ደግሞ በስምንት ሰዓት አይደርሱም።»

«ከደረስኩ መኪናው በየት በኩል እንደሚሄድ አያለሁ» አሉ።

ይህን ሲሉ ያ ከሆዴ ወረድ ሲልልኝ የነበረው ነገር በሙሉ ተመልሶ ወጣ። አፈርኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሮጬ ጋቢያቸውን ያዝኩ። «ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ» አልኳቸው። «ግማሽ ሰዓት ብቻ። ካልሆነ አብሬዎት በእግሬ እሄዳለሁ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሯ እንድትነሳ የምር የፈለግኩት ያኔ ነው። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።

ዳገቱን እንዴት እንደገፋኋት አላውቅም። ጋሽ ተካና ከድር ከየተደበቁበት ወጥተው አገዙኝ። «በሉ ካንዴላ የሚባል ነገር እንዳልሰማ» አልኳቸው። ጋሽ ተካ ቅር እያላቸው ካቻቢቴያቸውን ይዘው ወደ ካርብሬተሯ ወረዱ፤ ቤንዚን ከአየር ጋር የሚቀላቀልበት ዕቃ ነው። ከሥሩ ያለችውን ቡሎን ፈትተው የሚወርደውን ከከድር ሱቅ በመጣ የሻይ ብርጭቆ ተቀበሉት።

«ቤንዚን በደንብ ይደርሳታል» አሉ ብርጭቆውን አይተው። «እንግዲህ የቀረው...»

«እስቲ» አሉ ኦቦ ዱጋሳ።

ኦቦ ዱጋሳ ስለ ሞተር ምንም አያውቁም። ላም ግን ያውቃሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወተት ለከተማ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ብርጭቆውን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሱት፣ ዘንበል አደረጉት፣ ቀና አደረጉት። ጣታቸውን ነክረው ምላሳቸው ላይ አሳረፉ።

«ቢሻን» አሉ። «ውሃ ነው። ከላይ ቀጭን ቤንዚን ሰፍፏል፣ ከሥር ውሃ ነው። እኔ ውሃ የገባበት ነገር አያመልጠኝም።»

ዕድሜያቸውን ውሃ ሲገፉ የኖሩት ጋሽ ተካ አቀረቀሩ። ኦቦ ዱጋሳ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡና ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ማን ነው የጨመረው?»

ሦስቱም ወደኔ ዞሩ። ወተት ላይ ውሃ ያደረገ ሰው የሚታይበትን አስተያየት ያን ቀን አወቅኩት። ምን እያሰቡ እንደነበረም አልጠፋኝም። ዋስ መሆን የፈራ፣ «አላውቃቸውም» ያለ ሰው፣ ታንከር ውስጥ ውሃ መጨመር ምን ይገደዋል? እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማስበው። «እኔ አይደለሁም» ልል አፌን ስከፍት ግን የገለበጥኩት እኔ ራሴ መሆኔ ትዝ አለኝ።

በዚህ መሃል እትዬ ውዴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቢጫ ጀሪካናቸውን ታቅፈው ከቤት ወጡ።

«ኧረ ተዉኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ እያየሁ ዝም አልኩ» አሉ። «የያዛት ነገር አለ። ቆዩ፣ ጠበል ልርጭላት።»

እፍኛቸው ላይ ጨምረው ሞተሯ ላይ ረጩ። ጋሽ ተካ ላይም ደረሰ። ጋሽ ተካ እጅጌያቸውን አሸተቱ።

«እትዬ ውዴ» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ጠበሉን ቀስ ብለው ያስቀምጡልኝ።»

ጀሪካኑን ተቀብዬ አየሁት። መስቀል አለበት። መስቀሉ በምስማር የተጫረ ነው፤ የኔ ነው። ሮጬ ገብቼ ባዶውን አመጣሁት። እሱም መስቀል አለበት፤ የሱ ግን በእስክርቢቶ የተሠራ፣ ዳር ዳሩ ያማረ ነው። ሁለቱም አንድ አልጋ ሥር ነበር የሚያድሩት፤ ጠዋት እሳቸው የኔን ስበው፣ እኔ የሳቸውን ስቤ ኖሯል። ጠበል የሚያመጣ ሰው ዕቃው ላይ መስቀል እንደሚያደርግ አገር ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ ያልጠረጠርኩት።

«ጠበሌን ምን አደረግከው?» አሉ እትዬ ውዴ።

«ሞተሯን... አጠጣኋት።»

«እኔስ ዛሬ ጠዋት ቤቱን የረጨሁት በምንድነው?»

መንገድ በመዘጋቱ ከሰል ካለቀብን ሁለት ቀናችን ነበር። ከሰል ኖሮ ምድጃ አቀጣጥለው ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያጫውታችሁ ሌላ ሰው ነበር።

ከድር መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥለው ጋሽ ተካ። እኔ ዓይኔ ኦቦ ዱጋሳ ላይ ነበር። እሳቸው አልሳቁም፤ ትከሻቸው ግን ወረድ ብሎ ሲያርፍ አየሁ። «በል ልጄ፣ ቶሎ አድርግ» አሉኝ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ነው የቀረው። ታንከሯን ገልብጠን ልንደፋ ስንል እትዬ ውዴ መሃል ገቡ። ጠበል ሰው በሚረግጠው ቦታ አይደፋም! ቤንዚን ተቀላቅሎበታል አልናቸው። ጠበል ጠበል ነው አሉ። ሰዓቱ ይሮጣል፣ ልጁ ሊወሰድ ነው፣ እኛ ሞተር ተሸክመን የሚደፋበት ቦታ እንከራከራለን። ዕልባት የሰጡት ኦቦ ዱጋሳ ናቸው። «ትክክል ናቸው። ወዲህ አምጧት» ብለው ሰው ወደማይደርስበት ወደ አጥሩ ጥግ መሩን። አራት ሆነን ሞተሯን እንደ ሕፃን አቅፈን ወስደን እዚያ አፈሰስናት። እትዬ ውዴ አማተቡ። ተመልሰን ቤንዚኑን ጨመርን። ረገጥኩ። ስድስተኛው ላይ አስነጠሰች፣ ሰባተኛው ላይ ተነሳች።

መንገዱን አልተርክላችሁም። ግማሹን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሥር ጎንበስ፣ በድንጋይ መሃል ሾለክ፣ አንዳንድ ቦታ በሜዳው ዞር እያልን፣ ኦቦ ዱጋሳ ወገቤን ጨምቀው ይዘው፣ ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ደረስን። መኪናው በር ላይ ቆሟል። ሞተሩ ተነስቷል፤ እንዲህ ያለ መኪና መቼም በአንዴ ነው የሚነሳው። ሰዎች ተሰልፈው አንድ በአንድ እየወጡበት ነው። ገመቹ ከኋላ አራተኛ ነው።

ፖሊሱ ደብዳቤዬን አገላብጦ አየ። ቅጽ አወጣ።

«ዝምድና?»

«ወንድሜ ነው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ።

«ሽማግሌውስ?»

ይህችን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ አውቃታለሁ። ኦቦ ዱጋሳ ወደኔ አላዩም፤ መሬት መሬት ነው የሚያዩት።

«አባቴ ናቸው» አልኩ።

ፖሊሱ ደብዳቤው ላይ የአባቴን ስም አየ፣ ኦቦ ዱጋሳን አየ፣ እኔን አየ። «ጎረቤት» ብሎ ጻፈና «ፈርም» አለኝ። ፈረምኩ፤ ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለ። ይህም ትንሽ አጽናናኝ።

ገመቹ ማሰሪያ የሌለው ጫማውን እየጎተተ ከሰልፉ ወጣ። አባቱ ራሱን፣ ፊቱን፣ ትከሻውን ዳበሱት፤ የጎደለ ነገር እንዳለ የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር። እኔን አቀፈኝ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ሞተሯን አየ።

«ምንድነው የምትሸተው? ምን አጠጣሃት?»

«ረጅም ታሪክ ነው። እንሂድ።»

ረገጥኩ። አትነሳም። መኪናው አጠገባችን እያጓራ፣ ፖሊሱ ከበሩ እያየን፣ እኔ እረግጣለሁ። ገመቹ ቀረብ አለ።

«ካንዴላዋን አይተሃል?» አለኝ።

ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ነገር ወጣኝ። እሱ እጀታውን ተቀበለኝ፣ በግራ ጋደም አደረጋት፣ ወገቧን መታ መታ አደረጋት፣ አንዴ ረገጠ። ተነሳች።

ሦስታችንም ወጣን። ገመቹ ነጂ፣ ኦቦ ዱጋሳ መሃል፣ እኔ መጨረሻ፣ ግማሽ መቀመጫዬ አየር ላይ። ከጣቢያው ራቅ ስንል ደረቴ ውስጥ የነበረው ነገር አላስችል አለኝ። ወደ ኦቦ ዱጋሳ ጆሮ ጠጋ አልኩ።

«ኦቦ፣ ጠዋት እኮ አልነሳም ስትል ደስ ይለኝ ነበር።»

አንድ ተራ ድንጋይ አለፍን። አልሰሙኝም ብዬ ነበር።

«እኔም» አሉ።

«እርስዎ?»

«ደርሼ 'ልጅህ የለም፣ ሄዷል' ይሉኛል ብዬ ነው የፈራሁት። እሷ እስካልተነሳች ድረስ ልጄ እዚያው አለ።» ቀጥለው ደግሞ ጋቢያቸውን ወደኔ ሳብ አድርገው በግማሹ ሸፈኑኝ። ነፋሱ ይበርድ ነበር።

ገመቹ ፊቱን ሳያዞር ጮኸ። «ምንድነው እዚያ የምታወሩት?»

«ስለ ካንዴላ ነው» አሉት ኦቦ ዱጋሳ።